ቡችላው ለምን አስቸገረ? ልጆች በሚበዙበት ቤት ውሻን ማሠልጠንና ማንቀሳቀስ

አዲስ አበባ፦ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክና ቤቴል ባሉት ሰፈሮች፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በየግቢው ሩጫ ነው። ልጆች ደብተራቸውን ይፈልጋሉ፤ እናት የምሳ ዕቃ ታሰናዳለች፤ አባት ታክሲ ሳይጠፋ ለመድረስ ይቻኮላል። ሌሊቱን በግቢው ሲሯሯጥ ያደረው፣ ዓመት ያልሞላው ቡችላ ደግሞ በሩ ሲከፈት ዘሎ በጭቃ እግሩ ሸሚዝ ያቆሽሻል፤ የትንሿን ልጅ ካልሲ ነጥቆ ይሮጣል። እየተገፋ ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳል፤ ቤተሰቡ ማታ እስኪሰበሰብም ከዚያ አይነሣም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው በብዙ ቤት ተመሳሳይ ነው። ሰንሰለቱ ያጥራል፤ ጩኸቱ ይበዛል፤ ጎረቤት ቅሬታ ያሰማል፤ በመጨረሻም ቡችላው ለሌላ ሰው ይሰጣል ወይም በመኪና ተጭኖ ከከተማው ዳር ይጣላል። የተጣለው ውሻ ከልቅ ውሾች ጋር ይደባለቃል፤ ክትባቱ ይቋረጣል፤ አንድ ቀን ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ሊነክስ ይችላል። የአንድ ቤት ችግር የነበረው ጉዳይ የሰፈር የጤና ስጋት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። መነሻው ግን ቀላል ነበር። ቡችላው ጉልበቱን የሚያውልበት ሥራ አላገኘም፤ ቤተሰቡም በሚፈቀደውና በሚከለከለው ላይ አንድ ቃል አልነበረውም።

ሥራ የፈታ ጉልበት

በገጠር የውሻ ውሎ የታወቀ ነው። ቀን ከእረኛው ጋር መስክ ይውላል፤ ያሸታል፤ ይሮጣል፤ ሲደክመው ጥላ ሥር ይተኛል። ማታ ደግሞ ጅብና ሌባ ይጠብቃል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት እንኳ ውሻን የሚወቅሰው ሥራውን በሰዓቱ ባለመሥራቱ ነው። ከተማ የገባው ውሻ ጉልበቱን ይዞ ገብቷል፤ የተሰጠው መስክ ግን ከግቢው በር እስከ ሮቶው ድረስ ያለው ጥቂት ሜትር ነው።

በአዲስ አበባ ተፈላጊ የሆነው ጀርመን ሸፐርድና ከእርሱ የሚደቀለው ቡችላ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ይህ ዝርያ ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የቀድሞ የፈረሰኛ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 በጀርመን የዝርያውን ማኅበር ሲመሠርት መልክ የያዘ የበግ እረኛ ውሻ ነው። ቀኑን ሙሉ መንጋ ተከትሎ እንዲንቀሳቀስና የእረኛውን ምልክት እንዲጠብቅ ተመርጦ የተራባ ነው። ገዢው የሚመለከተው ግርማ ሞገሱንና አስፈሪ ድምፁን ሲሆን፣ ከውሻው ጋር አብሮ ወደ ቤት የሚገባው የሥራ ፍላጎት ግን በግዢው ዕለት አይታሰብም። የሀበሻ ውሻም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ ማንኛውም ውሻ ጉርምስና ውስጥ ነው። የተማረውን የረሳ ይመስላል፤ ሲጠሩት ይሰማል፤ አይመጣም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ጊዜ ነው።

የተለመደው መፍትሔ ሰንሰለት መሆኑ ደግሞ ስሌቱን ይገለብጠዋል። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱት ጋር ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት፣ በግቢ ታስረው የሚውሉ ውሾች ከነካሾቹ ጎራ የመገኘታቸው ዕድል ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ሆኖ አግኝቶታል። ወንድ ውሾች፣ ያልተኮላሹ ውሾችና ልጆች ባሉበት ቤት የሚኖሩ ውሾችም በነካሾቹ መካከል በርክተው ታይተዋል። ዴንቨርና ኮልፌ አንድ አይደሉም፤ ጥናቱም ሰንሰለት ብቻውን ነካሽ ያደርጋል ብሎ አልደመደመም። ሆኖም ምክንያቱን ለመገመት አያዳግትም። የታሰረ ውሻ የፈራውን ነገር መሸሽ አይችልም፤ የወደደውንም መቅረብ አይችልም። በአጥር ቀዳዳ እንጨት የሚሰድበትን ልጅ ሁሉ እያየ ይውላል። የቀረው ምርጫ መጮህና ጥርሱን ማሳየት ነው።

ማሰር ግድ በሚሆንበት ቤት፣ ለምሳሌ ብዙ ተከራይ በሚገባበትና በሚወጣበት ግቢ፣ ከአጭር ሰንሰለት የተሻለ አሠራር አለ። በሁለት ምሰሶዎች መካከል በተወጠረ ሽቦ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ማሰሪያ ውሻው በርካታ ሜትር እንዲራመድ ይፈቅድለታል። ጥላ፣ ውኃና መተኛ በዚያው ክልል ውስጥ መሆን አለባቸው። ከግቢው አንዱን ጥግ በሽቦ ወይም በእንጨት ከልሎ ውሻውን ያለ ማሰሪያ መተው ደግሞ ከዚህም ይሻላል።

ስንት ሰዓት ይሩጥ?

ባለቤቶች አብዝተው የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ መልሱም ከሚጠበቀው ያነሰ ነው። ቡችላ በቀን እስከ 18 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይተኛል። ልጆች በሚበዙበት ቤት ግን ይህን እንቅልፍ አያገኝም። አንዱ ልጅ ሲተወው ሌላው ያነሣዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ይቀሰቀሳል። ማታ ላይ ያለ ምክንያት የሚሯሯጥ፣ የቀሚስ ጫፍ የሚነክስና ሲገሠጽ የሚብስበት ቡችላ ብዙ ጊዜ ያልተጫወተ ሳይሆን ያልተኛ ነው። ማንቀላፋት እንደ ተሳነው ሕፃን መሆኑ ነው። ለዚህ የሚበጀው ልጆች የማይደርሱበት አንድ ጸጥ ያለ ጥግ ማዘጋጀትና «ቡችላው እዚህ ሲገባ ማንም አይነካውም» የሚል ደንብ ማውጣት ነው። ደንቡ የሚጸናው ግን ትልልቆቹም ሲያከብሩት ነው።

እንቅስቃሴውን በተመለከተ ደግሞ አንድ ረጅም ሩጫ ከሚሆን ሦስት ወይም አራት አጫጭር ጊዜያት ይመረጣሉ። የትላልቅ ዝርያዎች አጥንት እድገቱን የሚጨርሰው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ውሻን ከብስክሌት ኋላ ማስሮጥ፣ በኮብልስቶን ቁልቁለት በተደጋጋሚ ማጣደፍ ወይም ከፍ ካለ ቦታ ማዘለል መገጣጠሚያውን ሊጎዳ ይችላል። ራሱ በፈቀደው ፍጥነት መጫወትና መራመድ ግን ይጠቅመዋል።

ስድስት ሰዎች የሚኖሩበትን አንድ ቤት በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል፤ አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና አያት። ማንም ለውሻ አንድ ሰዓት የለውም፤ ሁሉም ግን አሥር ደቂቃ አለው። ቀድሞ የሚነሣው ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ግድም ቡችላውን ወደ መጸዳጃ ጥጉ ወስዶ ከዚያ ከበር ውጭ ለአጭር ጊዜ ያንሸራሽረዋል። ጠዋት በሩ ሲከፈት የሚዘል ውሻ አስቀድሞ ከወጣ የመዝለል ምክንያቱ ይቀንሳል። ቀን ቤት የሚውሉት አያት ምሳውን በጎድጓዳ ሳህን ከማቅረብ ይልቅ በሣር ላይ ወይም በተዘረጋ ማዳበሪያ ላይ ይበትኑለታል፤ እርሱም እያሸተተ ይለቅማል። ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የጥቂት ደቂቃ ትምህርት ይሰጠዋል። ማታ ደግሞ አባት ወይም እናት በገመድ ይዘውት ይወጣሉ።

ማሽተት እንደ ቀላል ነገር ይታያል፤ ነገር ግን ውሻን ከሩጫ ባልተናነሰ ያደክመዋል። የውሻ አፍንጫ ዋና የማወቂያ አካሉ ነው። በገመድ ይዞት የሚሄደው ሰው በየአጥሩ ሥር ሲቆም እየጎተተ «እንሂድ» ማለቱ ጋዜጣ የሚያነብን ሰው ጋዜጣውን እንደ መንጠቅ ነው። በክረምት፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ዝናቡ በማያባራበት ጊዜ፣ መውጣት ባይቻል እንኳ በቤት ውስጥ አፍንጫውን ማሠራት ይቻላል። ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ክዳኑና ወረቀቱ ተነሥቶ፣ ጥቂት ደረቅ ዳቦ ተጨምሮበት ቢሰጠው እያንከባለለ ለማውጣት ይታገላል። ፕላስቲኩን ማኘክ ሲጀምር ግን መውሰድ ያስፈልጋል። የጨርቅ ኳስ መደበቅና ማስፈለግም ልጆቹን ጭምር የሚያጫውት ነው።

አንድ ቤት፣ አንድ ቃል

አማርኛ ውሻን ለማዘዝ የተመቸ ቋንቋ ነው፤ «ና»፣ «ቆይ»፣ «ተው» አጫጭርና ጥርት ያሉ ቃላት ናቸው። ችግሩ ሰዎች አለመስማማታቸው ነው። አባት «ቁጭ በል» ይላል፤ ልጅ «ተቀመጥ» ትላለች፤ አያት ደግሞ «አርፈህ አትቀመጥም ወይ!» ይላሉ። ለሰው ሦስቱም አንድ ናቸው። ለውሻ ግን ሦስት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ሴት ውሻ በሆነች ጊዜ ደግሞ ግማሹ ቤተሰብ «ነይ» ግማሹ «ና» ይላታል። ሰዋስው የሚጠይቀው «ነይ»ን ነው፤ ውሻዋ ግን የምትጠይቀው አንዱን ብቻ ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ አምስት ቃላትን ቢመርጥና በወጥ ቤቱ በር ላይ ጽፎ ቢለጥፍ ትምህርቱ በግማሽ ይቀላል። «ና»፣ «ቁጭ»፣ «ቆይ»፣ «ተው» እና «ልቀቅ» ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ።

ስምም እንዲሁ ነው። ለጎረቤት ወይም ለባላንጣ መልእክት የሚያስተላልፍ ረጅም ስም ለውሻ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ቁም ነገሩ ለሰሚው ሰው እንጂ ለውሻው አልነበረም። ለሥልጠና የሚመቸው እንደ «ቡቺ» ያለ አጭር ስም ነው። ስሙ ደግሞ ለቁጣ አይውልም። በየቀኑ ስሙ ተጠርቶ የሚመታ ውሻ ስሙን ሲሰማ መሸሽን ይማራል።

ዋናው የማስተማሪያ መሣሪያ ጉርሻ ነው። ከጥፍር የማይበልጥ የዳቦ ቁራሽ፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ጨውና ቅመም ያልነካው ቅቅል ጉበት ይበቃል። ቡችላው የተፈለገውን ባደረገበት ቅጽበት፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ ሳይዘገይ መሰጠት አለበት። ጉርሻውን ከአፍንጫው በላይ ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ መውሰድ ቂጡን መሬት ላይ እንዲያሳርፍ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ «ቁጭ» ተብሎ ይጎርሳል። አንድ ትምህርት ከአምስት ደቂቃ መብለጥ የለበትም፤ ቡችላው ሳይሰለች መቆም ይኖርበታል።

በሰው ላይ መዝለል የብዙ ቤት ምሬት ነው። ቡችላው የሚዘለው ፊት ለማግኘት ነው። የሚገፋው እጅም፣ «ውረድ!» የሚለው ጩኸትም ለእርሱ ጨዋታ ናቸው። የሚሠራው ዘዴ ሁሉም ሰው፣ እንግዳም ጭምር፣ ሲዘል ፊቱን አዙሮ ዝም ማለቱና አራቱ እግሮቹ መሬት ሲነኩ ብቻ ማናገሩ ነው። ከስድስቱ አንዱ እየሳቀ ቢያቅፈው የአምስቱ ድካም ይባክናል፤ ቡችላው «አንዳንዴ ይሠራል» ብሎ ይማርና ይበልጥ ይበረታበታል። በጥርሱ መያዝም ተመሳሳይ ነው። ከአራት ወር ጀምሮ የወተት ጥርሱ ተነቅሎ ቋሚው ስለሚበቅል ድዱ ያሳክከዋል፤ የሚያኝከው ነገር ካልተሰጠው ጫማ ያኝካል። እጅ ሲነክስ ጨዋታው ወዲያው ይቋረጣል፤ ሰውየው ተነሥቶ ይሄዳል። ዱላ ቡችላውን ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል፤ ነገር ግን የሚያስተምረው የሰው እጅን መፍራት ነው። የሚፈራ ውሻ ደግሞ ከሚነክሱት ወገን ነው።

መጸዳዳትን በተመለከተ ሰዓት መጠበቅ ከቁጣ ይሻላል። ቡችላ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ከበላ በኋላና ከጨዋታ በኋላ ይሸናል። በእነዚህ ጊዜያት ወደ ውጭ ይወሰድና እዚያ ሲጸዳዳ ይጎርሳል። የሦስት ወር ቡችላ በቀን ከሦስት እስከ አራት ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም።

ከበር ውጭ

የውሻ ጠባይ በአብዛኛው የሚቀረጸው ገና በጨቅላነቱ ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ከሦስተኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላ ሰውንና አካባቢውን ያለ ፍርሃት የሚቀበልበት ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ ያላየውን ነገር በኋላ ሊፈራው ይችላል። ችግሩ ይኸው ወቅት ፓርቮና ዲስተምፐር የተባሉት ገዳይ በሽታዎች ክትባት ገና ያልተጠናቀቀበት መሆኑ ነው። ክትባቱ ከስድስተኛው ወይም ከስምንተኛው ሳምንት ተጀምሮ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት ይዘልቃል። ስለዚህ ቡችላው በእቅፍ ተይዞ ይወጣል። የባጃጅን ድምፅ፣ ዣንጥላ የያዘ ሰውን፣ ጭነት የተሸከመ አህያን፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎችን ከእቅፍ ሆኖ ያያል፤ ልቅ ውሾች የሚያዘወትሩትን መሬት ግን አይረግጥም። ለበዓል የሚተኮሰው ርችት ሳይመጣበት ከድምፅ ጋር የተላመደ ውሻ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አጥር ዘሎ አይጠፋም።

በገመድ መራመድን ማስተማር ትዕግሥት ይጠይቃል። ሲጎትት ሰውየው ይቆማል፤ ገመዱ ሲላላ ጉዞው ይቀጥላል። የመጀመሪያው ሳምንት ከበር እስከ ሱቅ ድረስ ያለው መንገድ ሃያ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። መጀመሪያ ጭር ባለ የውስጥ መንገድ መለማመድ ይበጃል። እንደ አጠና ተራ ያለው ጭነት፣ መኪናና ሰው የሚተራመስበት ቦታ ለጀማሪ ውሻ አይሆንም።

ኮልፌ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተቀላቅሎ የሚኖርበት ሰፈር ነው፤ የውሻ ባለቤትም ይህን ማሰብ ይኖርበታል። ማለዳ ለሶላት ውዱእ አድርጎ የሚሄድ ሰው የውሻ ምራቅ እንዲነካው አይፈልግም፤ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቅዳሴ የሚሄደውም የጭቃ እግር አይሻም። በጠባብ መንገድ ላይ ገመዱን አሳጥሮ ዳር መያዝና ማሳለፍ ቀላል ነገር ነው፤ ከጎረቤት ጋር ግን ብዙ ዓመት ያኗኗራል። በከተማው ዳርቻ ባሉት መንደሮች ጅብ ሌሊት ስለሚንቀሳቀስ የጠዋቱ ሽርሽር ሰማዩ ከቀላ በኋላ፣ የማታውም ሳይመሽ ቢሆን ይመረጣል።

ልጆችና ጥርስ

«የሚጮህ ውሻ አይናከስም» የሚለው አባባል ለሰው ጠባይ ምሳሌ ሆኖ ጥሩ ነው፤ ስለ ውሻ ግን ልጅ ሊተማመንበት አይገባም። የሚጮህ ውሻ ይናከሳል፤ የማይጮህም ይናከሳል። ልጆች ሊማሩት የሚገባው የውሻን ሰውነት ማንበብ ነው። ድርቅ ብሎ የቆመ፣ የዓይኑ ነጭ የሚታይ፣ ፊቱን የሚያዞር፣ ሳይርበው ከንፈሩን ደጋግሞ የሚልስ ወይም ሳይደክመው የሚያዛጋ ውሻ «ተዉኝ» እያለ ነው። ማጉረምረም ደግሞ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ማስጠንቀቂያውን ይተወዋል፤ ንክሻውን ግን አይተውም።

ሦስት ጊዜያት አደገኛ ናቸው፤ ሲበላ፣ ሲተኛና አጥንት ሲይዝ። በእነዚህ ጊዜያት ማንም ልጅ አይቀርበውም። ትንንሽ ልጆችና ውሻ፣ ውሻው የቱንም ያህል የዋህ ቢሆን፣ ያለ አዋቂ ብቻቸውን አይተዉም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፣ ልጆቹ በአዋቂ ፊት በተራ ምግቡን ቢያቀርቡለት ቡችላው እነርሱን የመልካም ነገር ምንጭ አድርጎ ይይዛቸዋል።

ስለ ምግብ ካነሡ አይቀር፣ የተረፈ ወጥ ለውሻ መስጠት በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ የሚጎዱ ናቸው፤ የሀበሻ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ የፋሲካ ማግስት ደግሞ ይህ አጥንት የሚበዛበት ቀን ነው። በበዓል በግ ሲታረድ ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት መሳይ ነገር ከታየ ለውሻ መጣል ከባድ ስሕተት ነው። ከረጢቱ በውሻ አንጀት ውስጥ ጥቃቅን ኮሶ ትል ሆኖ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በልጆች እጅ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በሰው ጉበትና ሳንባም ያንኑ ከረጢት ይፈጥራል። እንዲህ ያለው ሥጋ ተቃጥሎ ወይም በጥልቅ ተቀብሮ ይወገዳል፤ ውሻውም የእንስሳት ሐኪም በሚያዘው ጊዜ የትላትል መድኃኒት ይወስዳል። ከውሻ ጋር የተጫወተ ልጅ ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብም።

ንክሻ ቢደርስ

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። በክትባት ግን ሙሉ በሙሉ ይከላከሉታል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ በሰው ላይ ከሚከሰተው በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው ከውሻ ሲሆን፣ በሽታው አለባቸው ተብለው በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ቡችላ በሦስት ወሩ ይከተባል፤ ክትባቱም በየዓመቱ ይደገማል፤ የክትባት ካርዱ ከቤተሰቡ ሰነዶች ጋር ይቀመጣል።

ልጅ ከተነከሰ፣ በቤት ውሻም ቢሆን፣ ቁስሉ ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት አይቶ መቁጠር ያስፈልጋል። ከዚያ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይኬዳል። በባህል መድኃኒት ተማምኖ ቀን መቁጠር ሕይወት የሚያስከፍል መዘግየት ነው። የነከሰው ውሻ ጤነኛ መስሎ ከታየ አይገደልም፤ ለ10 ቀናት ተለይቶ ይጠበቃል፤ በእነዚያ ቀናት ሳይታመም ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን እንዳላስተላለፈ ይታወቃል። ጥበቃው ግን የተነከሰውን ሰው ሕክምና አያዘገይም፤ ሐኪሙ ይወስናል። አዲስ አበቤዎች ዛሬም «ፓስተር» እያሉ የሚጠሩት፣ በጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ከበሽታው ጋር ስሙ ተያይዞ የሚነሣውም በዚህ ሥራው ነው፤ መጠሪያውም የበሽታውን ክትባት እ.ኤ.አ. በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠውን ሉዊ ፓስተርን ያስታውሳል።

ሕጉም ባለቤቱን ነፃ አይለቀውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦት ቢሆን፣ ጉዳቱም አስቀድሞ የማይታወቅ ቢሆን እንኳ ማለት ነው። «በሩ ተከፍቶ ቀርቶ ነው» የሚለው ምክንያት ለጎረቤት ይቅርታ ይሆናል እንጂ ከካሣ አያድንም። የተላላ የአጥር ቆርቆሮ ማጥበቅና በሩ በራሱ እንዲዘጋ ማድረግ ከዚህ አንጻር ርካሽ ነው።

መስከረም ሲመጣ

በሐምሌና ነሐሴ ልጆች ቤት ስለሚውሉ ቡችላው ቀኑን ሙሉ ሰው አለው፤ ብዙ ቤተሰብም ቡችላ የሚያመጣው በዚህ ወቅት ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን ግቢው በአንድ ጠዋት ባዶ ይሆናል። ሁለት ወር ከአምስት ሰው ጋር የከረመ ቡችላ በድንገት ብቻውን ሲቀር ይጮኻል፤ በር ይቧጥጣል፤ የተሰጣ ልብስ ያወርዳል። ለዚህ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ማለማመድ ይቻላል። የቤቱ ሰው መጀመሪያ ለአምስት ደቂቃ፣ ቀጥሎ ለሩብ ሰዓት፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት እየወጣ ይመለሳል። ሲወጣ ስንብት አያበዛም፤ ሲመለስም ቡችላው እስኪረጋጋ ድረስ አያናግረውም። መውጫው ላይ ማኘኪያ ወይም ዳቦ የያዘው ፕላስቲክ ይሰጠዋል። ቀን ቤት የሚውል ሰው ከሌለ ጎረቤት ወይም ዘመድ እኩለ ቀን ላይ ገብቶ ውኃውን እንዲያይለትና ለአሥር ደቂቃ እንዲያወጣው መነጋገር ያስፈልጋል፤ ይህም ሰው ቡችላውን ቀድሞ የተላመደና አምስቱን ቃላት የሚያውቅ መሆን አለበት።